የጡት ነቀርሳ መኖሩ ከታወቀ በኋላ ሕክምናው እስኪጀመር ድረስ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዐምድ ስለ ሕፃናት ጥርስ አበቃቀል ጽፈን ነበር። ዛሬ የምናነሣው ነገር ከዚያ እጅግ የከበደ ነው፤ ብዙ ቤተ ሰብም ስሙን እንኳ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለመጥራት የማይደፍረው ነው። ይኸውም በቤቱ እመቤት ጡት ላይ ነቀርሳ መገኘቱን ሐኪም ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ ሕክምናው እስከሚጀመርበት ቀን ድረስ ያለው ጊዜ እንዴት ይታለፋል የሚለው ጕዳይ ነው። ስለ ሕክምናው ራሱ ሊናገሩ የሚገባቸው ሐኪሞች ናቸው። እኛ የምንናገረው በሁለቱ ቀኖች መካከል ስላሉት ሳምንቶች ነው፤ ብዙ ነገር የሚበላሸውም የሚቃናውም በእነዚያ ሳምንቶች መሆኑን አይተናልና።

ስማቸውን የማንጠራቸው አንዲት ወይዘሮ አሉ። ዕድሜያቸው 44 ዓመት ነው፤ ባለቤታቸውም በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ የተከበሩ ሰው ናቸው። ወይዘሮዋ አንድ ቀን ገላቸውን ሲታጠቡ በግራ ጡታቸው ላይ እንደ ሽምብራ ፍሬ ያለ ጠንካራ ነገር በጣታቸው ዳሰሱ። አላመማቸውም፤ ስላላመማቸውም ሁለት ወር ዝም አሉ። (ሕመም የሌለው ሁሉ ደግ ይመስለናል፤ ዳሩ ግን ይህ ደዌ ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም።) በኋላ እኅታቸው ግድ ብላ ወደ ሐኪም ወሰደቻቸው፤ ከዕብጠቱም በመርፌ ናሙና ተወስዶ ተመረመረ። የምርመራው ውጤት በመጣ ዕለት ሐኪሙ ወይዘሮዋን ከተቀመጡበት ትተው ባለቤታቸውን ብቻ ከክፍሉ ውጭ ጠርተው ነገሩን ነገሯቸው። ባልም ያን ዕለት ማታ ወንድሞችንና እኅቶችን ሰብስበው መከሩ። የምክሩም ፍጻሜ «ለእሷ አይነገራት፤ ከሕመሙ ይልቅ ድንጋጤው ይገድላታል» የሚል ሆነ። ለወይዘሮዋም «ተራ ዕባጭ ነው፤ በመድኃኒት ይጠፋል» ተባለላቸው።

ይህን ያደረጉት በክፋት አይደለም። በአገራችን ክፉ ወሬ የሚነገርበት የታወቀ ሥርዓት አለው። ልጁ ወይም ወንድሙ በሩቅ አገር የሞተበት ሰው ወሬውን በመንገድ ላይ እንዳይሰማው ዘመድ ሁሉ ይጠነቀቃል፤ ቀን ይመረጣል፤ የሚያረዱት ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ ጎሕ ሲቀድ ሄደው ያረዱታል። ይህ ሥርዓት ርኅራኄ ያለበት ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ዳሩ ግን ሥርዓቱ የተሠራው ለሞተ ሰው ወሬ ነው። ለሞተው ከእንግዲህ ወዲህ የሚደረግለት መድኃኒት ስለሌለ መርዶው ሳምንት ቢቈይ የሚጎዳው ነገር የለም። የሕመም ወሬ ግን መርዶ አይደለም። ባለ ወሬዋ በሕይወት አለች፤ የሚቈረጠውም የሚታከመውም የእርሷ ሰውነት ነው፤ የሚያልፈውም ቀን ከእርሷ ቀን ላይ የሚቀነስ ነው። የሕመምን ወሬ እንደ መርዶ የያዘ ቤተ ሰብ በሕይወት ያለችውን ሰው ሳያውቀው ከሞቱት ጋራ ቈጠራት ማለት ነው።

ወይዘሮዋ ነገሩን ያወቁት በአንድ ብርጭቆ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ከቤት ዕቃ መካከል ለእርሳቸው ብቻ የተለየ ብርጭቆና ሰሐን በጓዳው መደርደሪያ ዳር ተቀምጦ አገኙ። አማታቸው «ነቀርሳ» የሚለውን ቃል ሰምተው ለልጆቹ በማሰብ ያደረጉት ነበር። ወይዘሮዋም በልጅነታቸው አጎታቸው በሳንባ ነቀርሳ በታመሙ ጊዜ ዕቃቸው እንዴት እንደ ተለየ ያስታውሱ ነበርና ወዲያው ገባቸው። ማታ ባለቤታቸው ከሥራ ሲመለሱ «ለእኔ የተለየውን ብርጭቆ አይቼዋለሁ፤ የቀረውን እርስዎ ይንገሩኝ» አሏቸው።

በዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት እንድንናገር ይፈቀድልን። «ነቀርሳ» የሚለው ስማችን ሁለት ፍጹም የተለያዩ ደዌዎችን ሲያስጠራ ኖሯል። የሳንባ ነቀርሳ የሚባለው በረቂቅ ተሐዋስያን የሚመጣ፣ በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ሕመም ነው። የጡት ነቀርሳ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ካንሰር የሚለው፣ የገዛ ሰውነታችን ሕዋሶች ከሥርዓታቸው ወጥተው ያለ ልክ ሲበዙ የሚሆን ነው። በብርጭቆ፣ በመኝታ፣ በመሳሳም ወይም አብሮ በመብላት ከቶ አይተላለፍም። ስለዚህ ዕቃ የለየ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይመልሰው። የሚመጣውም ከሰው ዓይን፣ ከብርድ ወይም በጡት ላይ ከደረሰ ምት አይደለም፤ ለበደልም የተሰጠ ቅጣት አይደለም። ከዘመዶቻቸው አንድ እንኳ የታመመባቸው የሌለ ብዙ ሴቶች ይታመማሉ። ወንዶችም ቢሆኑ ከዚህ ደዌ ነፃ አይደሉም፤ ከሚታመሙት ከመቶው አንድ ገደማ ወንድ ነው። በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁት የነቀርሳ ዐይነቶች መካከል የጡቱ በብዛት ቀዳሚው ስለ ሆነ፣ ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ቤቶች በአንዳንዱ ነገሩ ደርሶ እንደሚሆን እናውቃለን።

መደበቅ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ሄሮዶቱስ የተባለው የግሪክ ታሪክ ጸሓፊ የፋርስ ንጉሥ የዳርዮስ ሚስት ንግሥት አቶሳ በጡቷ ላይ ዕባጭ በወጣባት ጊዜ አፍራ እንደ ደበቀችው፣ ሕመሙ በጸናባት ጊዜ ግን ዴሞኬዴስ የተባለውን ሐኪም እንዳስጠራች ጽፏል። ነገሩ ከ2,500 ዓመት በፊት የሆነ ነው፤ ቢሆንም ዛሬ የተጻፈ ይመስላል።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን የእንግሊዛዊቱ ደራሲ የፋኒ በርኒ ታሪክ ነው። እኒህ ወይዘሮ ፈረንሳዊ ጄኔራል አግብተው በፓሪስ ሲኖሩ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1811 ዓ.ም. ጡታቸው ተቈረጠ። በዚያ ዘመን የሚያደነዝዝ መድኃኒት አልነበረም፤ ኤተር የተባለው በሰው ፊት የተፈተነው ከ35 ዓመት በኋላ በ1846 ዓ.ም. ነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት የተሰጣቸው የወይን መጠጥ ብቻ ነበር። ከሐኪሞቹም አንዱ የናፖሌዎን ሠራዊት ዋና ሐኪም የነበረው ላሬ ነው። የዕለቱን ቀጠሮ ያስታወቋቸው ጥቂት ሰዓት ብቻ ሲቀር ነበር። ወይዘሮዋም በዚያች ጥቂት ሰዓት ውስጥ ባላቸው ይህን አይተው እንዳይሠቃዩ በሥራ ምክንያት ከቤት እንዲርቁ አደረጉ። ከወራት በኋላ የሆነውን ሁሉ ለእኅታቸው ለአስቴር በደብዳቤ ጻፉላት፤ ደብዳቤው እስከ ዛሬ ይነበባል። እርሳቸውም ከዚያ በኋላ ከ28 ዓመት በላይ ኖረው በ1840 ዓ.ም. ዐረፉ። ባል ከቤት መራቁን እኛ አናመሰግንም፤ የዛሬው ሕክምናም ከዚያ ጋራ ምንም ዝምድና የለውም። ዳሩ ግን ሴትዮዋ በራሳቸው ነገር ላይ ራሳቸው አዘዙ፤ ቤታቸውንም ሰዋቸውንም እንደ ፈቃዳቸው አሰናዱ። ሌላ ሰው ቢያዝላቸው ኖሮ ያን ቀን እንዴት ይችሉት ነበር?

ሦስተኛው ምሳሌ ለቅርብ ዘመን የቀረበ ነው። በ1974 ዓ.ም. በመስከረም ወር፣ በአገራችን መንግሥት በተለወጠበት በዚያው ወር፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጄራልድ ፎርድ ባለቤት ወይዘሮ ቤቲ ፎርድ ጡታቸው በቀዶ ጥገና ወጣ። ባላቸው ሥልጣን ከያዙ ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር። ነገሩን መደበቅ ይችሉ ነበር፤ ዳሩ ግን በጋዜጣ እንዲወጣ ፈቀዱ። በዚህም ምክንያት በዚያ አገር ብዙ ሴቶች ጡታቸውን ለማስመርመር ወደ ሐኪም ጐረፉ። እርሳቸው እስከ 2011 ዓ.ም. ኖረው በ93 ዓመታቸው ዐረፉ። የትልቅ ሰው ሚስት ስትደብቅ ታናሹ ሁሉ ይደብቃል፤ ስትናገርም እንዲሁ ነው። ይህን የምንጽፈው ለማን እንደ ሆነ አንባቢዎቻችን ያውቁታል።

ወደ ወይዘሮዋ እንመለስ። ባለቤታቸው ነገሩን በነገሯቸው ሌሊትና በሚቀጥሉት ሁለት ሌሊቶች አልተኙም። በአራተኛው ቀን ጌጣቸውን ከሣጥን አውጥተው ለሴቶች ልጆቻቸው ማካፈል ጀመሩ። ቤተ ሰቡ ደነገጠ፤ «ሞትን አሰበች» ተባለ። ሰው በእንዲህ ያለ ወሬ መጀመሪያ ላይ ሞቱን ማሰቡ የታወቀ ነው፤ ዝም ማለትም፣ መቈጣትም፣ ያለ ምክንያት መሳቅም ይመጣል። ማንም አይከልክላቸው። «አይዞሽ፤ ምንም አይደል» እያሉ አፍ ማዘጋት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምንም አለመሆኑ ሐሰት መሆኑን ሕመምተኛዋ ታውቃለችና። በሳምንቱ መጨረሻ ወይዘሮዋ ጌጡን ከልጆቹ መልሰው ተቀበሉና የቤት ወጪ የሚጽፉበትን ደብተር ገልብጠው ከኋላው በኩል መጻፍ ጀመሩ። የመጀመሪያው ገጽ የጥያቄ ብቻ ነበር።

ይህን ደብተር አይተነዋል፤ እንድንጽፍበትም ፈቅደውልናል። ሐኪም «ነቀርሳ» ካለ በኋላ የሚናገረውን ነገር ጆሮ አይሰማውም፤ በመጀመሪያው ቀን የተነገረው ምክር ሁሉ በአየር ላይ ይቀራል። ስለዚህ በሁለተኛው ጊዜ ወይዘሮዋ ታናሽ እኅታቸውን ይዘው ሄዱ፤ እርሳቸው ሲጠይቁ እኅታቸው ትጽፍ ነበር። ዕብጠቱ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው? በብብት ወዳሉት ዕጢዎች አልፏል ወይ? ደረጃው ስንት ነው? በናሙናው ላይ የሆርሞን ተቀባይና ሄር-ቱ የሚባለው ተመርምሯል ወይ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ የሐኪሞች ምሥጢር ይመስላል እንጂ ከሁሉ የሚበልጥ ነው፤ መድኃኒቱ የሚመረጠው በዚህ ነውና። ደዌው የሆርሞን ተቀባይ ያለው እንደ ሆነ ታሞክሲፈን የሚባለውን ወይም መሰሉን ክኒን ለ5 ዓመት ከዚያም በላይ መዋጥ ጥቅሙ ትልቅ ነው። የምርመራው ወረቀት ዋናው እንዳይጠፋ በአንድ ማኅደር ተጠብቆ፣ ቅጂውም ለብቻው ተቀምጦ ወደ እያንዳንዱ ሐኪም አብሮ መሄድ አለበት።

ከደብተሩ ሁለተኛ ገጽ ላይ «ጡቴ ሁሉ ይቈረጣል ወይ?» የሚል ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሃልስቴድ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ጡትን ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋራ የሚያወጣበት ሥርዓት ዓለምን ሁሉ ገዝቶ ኖሮ ነበር። በኋላ በርናርድ ፊሸርና ባልንጀሮቹ ዕባጩን ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠት ከሙሉው ቈረጣ ጋራ በሕይወት ዘመን እኩል መሆኑን በ1985 ዓ.ም. አስታወቁ፤ የ20 ዓመት ክትትልም ተደርጎ በ2002 ዓ.ም. ይኸው ጸና። ነገር ግን ይህ ለሁሉ አይሆንም። ዕባጩ ትልቅ ሲሆን ወይም በብዙ ቦታ ሲሆን ሙሉው መውጣቱ የተሻለ ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም አስቀድሞ ኬሞቴራፒ የሚባለው መድኃኒት ተሰጥቶ ዕባጩ ካነሰ በኋላ ኦፕራሲዮኑ ይደረጋል። ጡትን ማትረፍም ያለ ጨረር ስለማይሆን፣ ጨረሩ የሚገኝበትን ቦታና ቀን ሳያውቁ መወሰን አይገባም። በአገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመት ይገኝ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በጅማ ጭምር ተከፍቷል። ሕክምናው በሳምንት 5 ቀን፣ ለሦስት እስከ አምስት ሳምንት ያህል የሚደረግ ስለ ሆነ፣ ከጠቅላይ ግዛት የሚመጣ ሕመምተኛ ማረፊያውን አስቀድሞ ማሰናዳት ያስፈልገዋል። በከተማ ቤት ያላቸው ዘመዶች አንድ ክፍል ቢለቅቁ ከብዙ ገንዘብ ይበልጣል።

ወይዘሮዋ በየዋህነት የጻፉት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ጥቂት ብቈይ ምን ይሆናል?» የሚል። ለምርመራ፣ ለምክር፣ ለመሰናዳት የሚሆኑ ጥቂት ሳምንቶች አብዛኛውን ጊዜ አይጎዱም፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ካልተቈረጥሁ ብሎ መሮጥ አያስፈልግም። የሚጎዳው ወራት ነው። ወራቱም የሚያልፉት ብዙ ጊዜ በስንፍና ሳይሆን ከአንዱ ወደ ሌላው በመዞር ነው፤ ከባለ መድኃኒት ወደ ባለ መድኃኒት፣ ከጠበል ወደ ጠበል። ስለ ጠበል ስንናገር እምነትን እንዳንነካ እንጠነቀቃለን። ዳሩ ግን የጠበሉ ቦታ ካህን ራሳቸው «መድኃኒትሽንም ውሰጂ፤ ጠበሉንም ተጠመቂ» እያሉ ሲመክሩ ሰምተናል፤ ሁለቱ አይጣሉምና። ጠበሉ ከሐኪሙ ቀጠሮ ጋራ በአንድ ቀን ከዋለ ግን ቀጠሮው ይቅደም። የባህል ሥር የሚጠጡም እንደ ሆነ ለሐኪሙ አይደብቁ፤ ከኬሞቴራፒ ጋራ የሚጣላ፣ ጉበትንም የሚጎዳ አለና።

ጾምም እንዲሁ ነው። ሕመምተኛ ከጾም ነፃ መሆኑ የታወቀ ሲሆን ብዙ ወይዛዝርት ግን ልባቸው እሺ አይላቸውም። ወይዘሮዋ አስቀድመው ከንስሐ አባታቸው ጋራ ተነጋግረው ፈቃድ ተቀበሉ፤ ይህም ከብዙ ጭንቀት አዳናቸው። ስለ ምግብ ካነሣን፣ ኬሞቴራፒው ደምን ስለሚያደክምና በሽታ መከላከልን ስለሚያሳንስ በዚያ ጊዜ ጥሬ ሥጋና ያልበሰለ ክትፎ፣ ያልፈላም ወተት ፈጽሞ ይቅር። ይህን ለሕመምተኛዋ ከመንገር ለጠያቂ ዘመዶቿ መንገር ይቀላል፤ ክትፎ ይዞ የሚመጣው ዘመድ ነውና። ሙቀቷም 38 ዲግሪ የደረሰ እንደ ሆነ እስኪነጋ ሳይጠበቅ ያን ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። ስለዚህ የሙቀት መለኪያ በቤት መኖር አለበት፤ ዋጋውም ቀላል ነው።

የጠጉር ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ብዙዎቹ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ከተጀመሩ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ጠጉርን ያረግፋሉ፤ ሕክምናው ሲያልቅ ተመልሶ ይበቅላል። በሌላ አገር ይህ የመልክ ጕዳይ ብቻ ነው። በእኛ አገር ግን ሴት ጠጉሯን የምትላጨው በኀዘን ነበር፤ ስለዚህ ራሷ የተላጨ ሴት በቤት ስትታይ ልጆች የሞተ ሰው ያለ ይመስላቸዋል። ወይዘሮዋ ይህን አስቀድመው አሰቡት። ጠጉራቸው በትራስ ላይ እስኪቀር ሳይጠብቁ ከመጀመሪያው መድኃኒት በፊት ቅዳሜ ቀን ሹሩባቸውን አስፈትተው አሳጠሩት፤ ሦስት ሻሾችም ገዙ። ታናሽ ልጃቸው የ9 ዓመት ልጅ ስትሆን ሻሹን እርሷ መረጠች። ለልጆች ምን ይነገራቸው ለሚሉን መልሳችን ይህ ነው፤ ስሙ ይነገራቸው፤ እንደማይተላለፍ ይነገራቸው፤ የሚሠሩትም ሥራ ይሰጣቸው።

ገና ልጅ ለመውለድ የሚያስቡ ወጣቶች ከመድኃኒቱ በፊት ለሐኪሙ ይህንኑ ይንገሩ፤ መድኃኒቱ ማኅፀንን ባይነካም እንቍላል የሚፈጥረውን ክፍል ሊያደክም ይችላልና። እርጉዝ የሆኑም እንደ ሆነ አይሸሽጉ። የታመመ ጥርስ ካለ አስቀድሞ ይታይ። ከብብት ዕጢ የወጣላት ሴት ክንዷ እንዳይደርቅ የሚታዘዝላትን እንቅስቃሴ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ብትለማመድ ይቀልላታል። እነዚህ ትናንሽ ነገሮች ናቸው፤ አልፈናቸው እንሂድ።

ለባሎች ግን ጥቂት ቃል አለን። የወይዘሮዋ ባለቤት ከቢሮ ፈቃድ ለመጠየቅ አፈሩ። «የሚስቴ ጡት ታሟል ብዬ ለአለቃዬ እንዴት እነግራለሁ?» አሉን። የልጅን ክርስትናና የአጎትን ተዝካር ያለ ኀፍረት ለአለቃ ይነግሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ኬሞቴራፒ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ለብዙ ወር የሚሰጥ ነው፤ ስለዚህ ቀኖቹ አስቀድመው ታውቀው ከሥራው ጋራ መስማማት አለባቸው። በመጨረሻ ለአለቃቸው ነገሩ። አለቃቸውም ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ የእናታቸውን ነገር ነገሯቸው፤ ለካ በዚያ መሥሪያ ቤት ነገሩ እንግዳ አልነበረም። ከሁሉ ይልቅ ግን ባሎችን የሚያስፈራቸው ጠባሳው ነው፤ ሚስትም ይህንኑ ትፈራለች፤ ሁለቱም ስለማይነጋገሩበት አንዱ የሌላውን ዝምታ እንደ ጥላቻ ይቈጥረዋል። ወይዘሮዋ በደብተራቸው ላይ ይህን ጥያቄ ለሐኪም አልጻፉትም። በአንድ ገጽ ታች በትንሽ ጽሕፈት የባላቸውን ስም ብቻ ጽፈው ከፊቱ የጥያቄ ምልክት አድርገውበታል። ባላቸውም አንድ ቀን ደብተሩን ለሐኪሙ ሲያቀብሉ አይተውት፣ በዚያው ገጽ ላይ በገዛ እጃቸው «አለሁ» ብለው ጻፉ።

ይህን በምንጽፍበት ጊዜ ወይዘሮዋ አራተኛውን መድኃኒት ወስደዋል። ብርጭቆው ወደ ሌሎቹ ብርጭቆዎች መካከል ተመልሷል፤ ዛሬ የትኛው እንደ ነበረ ለይቶ የሚያውቅ በቤቱ የለም። ከአንባቢዎቻችን አንዲቱ ደግሞ በዚሁ ሳምንት «እናቴ ታመዋል፤ ዕድሜያቸው 71 ነው፤ ይነገራቸው ወይ?» ብለው ጽፈውልናል። እናትዎ ሐኪም የሚናገረውን የሚረዱ ከሆነ፣ እርስዎ ከመንገርዎ በፊት «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ሊያውቁ ይወዳሉ?» ብለው ይጠይቋቸው፤ በመለሱልዎም መጠን ይንገሯቸው። ወረቀትና እርሳስ ግን ከአጠገባቸው አይጥፋ።